ከለቅሶ ቤት ስለተሸኘው እጩዎ

ለክቡር አቶ ሄርሞሄኔስ ሳላንጋ፣
የንጋት ኅብረት ፓርቲ የእጩ አስመራጭ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ማኒላ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የታላባሃን ዓሣ አስጋሪዎች፣ ማዕበሉ ያልወሰደን ማለቴ ነው፣ ደህና ነን።

ስሜ ኤውፍሮሲና ማግባኑዋ ነው፤ መረብ እጠግናለሁ፣ በሰፈራችን ደግሞ የፓርቲዎ አስተባባሪ ነኝ። በየምርጫው ቤት ለቤት እየዞርኩ «የኛን ሰው ምረጡ» ስል ኖሬአለሁ፤ ሰው እሺ የሚለኝም ፓርቲዎን ወዶ ሳይሆን እኔን አምኖ ነው። ዘንድሮ ለፕሬዚዳንትነት ያቀረቡልንን ሴናተር ፕሩደንሲዮ ቪላሩዝን ካየሁ ወዲህ ግን የጎረቤቶቼን ዓይን ማየት ስላፈርኩ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጭፈራቸው አመሰግናለሁ። ገበያው መሀል በተተከለው መድረክ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ተበላሽታ ስለቆመችው ብቸኛዋ የነፍስ አድን ጀልባችን ሲጠይቋቸው፣ ሴናተሩ «አባቴ፣ ይቺን በዘፈን ልመልስልዎ!» ብለው ዳሌያቸውን እያወዛወዙ ዘፈኑ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ እጄ መቼ እንደተነሣ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ የጎረቤቴን የፔላግያን ለቅሶ ስለደረሱ አመሰግናለሁ። ባሏ ቴሌስፎሮና ልጇ ሮዴል አብረው ባሕር ወጥተው ማዕበሉ ያዛቸው፤ የባሏ አስከሬን ሲገኝ የልጇ አልተገኘም። የኛ ትንንሽ ጀልባዎች ዳር ዳሩን ፈለጉ፤ ጥልቁን የሚደፍር ጀልባ የለም ተብሎ ፍለጋው ቆመ። ሴናተሩ እንደሚመጡ ስነግራት «እሳቸው አንድ ቃል ከተናገሩማ ልጄ ይፈለጋል» ብላ ከጠዋት ጀምራ በር በሩን ስታይ ዋለች። እሳቸው ገብተው መጀመሪያ ያቀፉት በለቅሶ ወጋችን ሌሊቱን ለማንጋት ካርታ ልትጫወት የመጣችውን የጎረቤት ሴት ነበር፤ ስሕተቱ ሲነገራቸው ፔላግያን አቀፉ፤ ካሜራው አልያዘውም ሲባል ደግመው አቀፏት። «ጌታዬ፣ ልጄ ገና ባሕር ላይ ነው። ይኑር ይሙት አላውቅም። ብቻ ያስፈልጉልኝ» አለቻቸው። «አይዞሽ እናቴ፣ ስመረጥ ይታሰብበታል» አሉ። ምርጫው የሚቀጥለው ወር ነው፤ ባሕሩ እስከዚያ እንዲጠብቅ የነገረው ሰው መኖሩን አላውቅም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ለመጻፍ የሚከብደኝ ነው። እንደሚያውቁት በኛ ዘንድ ባለሐዘን ከለቅሶ ቤት የሚወጣውን እንግዳ አይሸኝም፤ ከሸኘ ሌላ ሞት ይጠራል ይባላል። ማኒላ ይህን ረስታው ይሆናል። የእጩዎ ፎቶ አንሺ ግን «እናት፣ እስከ መኪናው ሸኚያቸው እስቲ፤ እጅሽን እያውለበለብሽ ቢሆን ያምራል» አላት። ፔላግያ ወደኔ ዞረች። «እትዬ ኤውፍሮ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ትልቅ ሰው ፊት እምቢ ማለት ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሸኘቻቸው። ልጇን ይፈልጉልኛል ብላ፣ መኪናው እስኪሰወር እጇን አላወረደችም። ፎቶግራፉ ዛሬ በየምሰሶው ተሰቅሏል፤ ከሥሩም «እናቶች ከቪላሩዝ ጋር ናቸው» ይላል።

የተፎካካሪዎ የወይዘሮ ማክሲማ ኢላጋን ደጋፊ ሆና ነው እንዳይሉኝ፣ እሳቸውም ግሩም የአበባ ጉንጉን ልከዋል፤ ሪባኑ ላይ ስማቸውና የምርጫ ቁጥራቸው እንጂ የሟቹ ስም የለም። አንዱ ድጥ፣ ሌላው ማጥ። ፀጉር አስተካካያችን «እትዬ፣ ሁለቱንም መልሰን ሌላ አምጡልን ማለት አይቻልም እንዴ? ዓሣ እንኳ ሲሸት ይመለሳል!» ሲለኝ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። ክቡር ሆይ፣ አፍሬአለሁ። እርስዎ ሊያፍሩት የሚገባዎትን ጭምር ስላፈርኩልዎ፣ እርስዎ በዚህ በኩል እንዳይደክሙ።

ሐሙስ ዕለት ሮዴል ተገኘ። የማዶው ደሴት ሰዎች መረባቸውን ሲጎትቱ አብሮ ወጣ። እናቱ «እኔው ነኝ ሸኝቼ ሞቱን የጠራሁበት» ትላለች። ያኔውኑ ከአባቱ ጋር ነው የሞተው ብለን ሁላችንም ነገርናት፤ ማናችንንም አትሰማም። እኔ እንዲህ ባለው ነገር ብዙም አላምንም፤ ቢሆንም ያን ቀን አፌን ከፍቼ «ተዪው፣ አትሸኚ» ብላት ኖሮ ዛሬ የምታለቅሰው ለባሏና ለልጇ ብቻ በሆነ፣ ራሷንም ባልከሰሰች ነበር።

ዕድሜና ጤና፣ እንዲሁም ከተቻለ ጥቂት እፍረት እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ ለእጩዎ ሲባል ከእንግዲህ የማንንም በር የማታንኳኳው፣ ታዛዥዎ የነበረችው

ኤውፍሮሲና ማግባኑዋ
ታላባሃን

ማሳሰቢያ፦ የሮዴል ለቅሶ ዛሬ ይጀመራል። ከሴናተሩ ጽሕፈት ቤት ተደውሎ «መኪናቸው የት ጋ ይቁም?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ስለ አሳቢነትዎ እያመሰገንኩ፣ የሰፈራችን ወንዶች ጀልባዎቻቸውን ከባሕር ጎትተው የሰፈሩን መግቢያ መንገድ ከዳር እስከ ዳር መዝጋታቸውን በአክብሮት አስታውቃለሁ። ወይዘሮ ኢላጋንም ቢመጡ ያው ነው፤ በዚህስ አናዳላም። መኪናው እዚያው ዞሮ ይመለስ፤ የምትሸኛቸው እናት የለችንም።