የሁለቱ ባላምባራሶች አነሣሥ

እሑድ፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሰብስቤ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምርልህ አላውቅም። በቤታችንና በእነ ጽጌሬዳ ቤት መካከል የገባው ኩርፊያ የመጣው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለአንድም ትልቅ ሰው አልተናገርኩም። ሰላምታውን ማስቀደም ነበረብኝ፤ ነገር ግን ሰላምታ ከጀመርኩ እሱኑ እያስረዘምኩ ወረቀቱን እንደምጨርሰው ስለማውቅ ይህን አስቀደምኩ።

አሁን ሰላምታው ይድረስህ። ካየሁህ ሁለት ክረምት አለፈ፤ እንደምን ሰንብተሃል? ሳልህ ተሻለህ ወይ? የአዲስ አበባ ብርድ አጥንት ገብቶ ያድራል ይላሉ፤ ጋቢውን ሸጠህ መጽሐፍ እንዳትገዛበት እማዬ አደራ ብላሃለች። የተማሪ ቤቱ ምግብ ያጠግባል? ልብስ የሚያጥብልህ ሰውስ አገኘህ? እኛ ከአባባ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደኅና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። የጉልበታቸውን ነገር ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

ባለፈው ደብዳቤህ ስለ ጎረቤቶቻችን ስለ እነ ጽጌሬዳ ደኅንነት ሦስት ጊዜ ጠይቀሃል። በግራ በኩል ስላሉት ጎረቤቶች ግን አንድ ጊዜም አልጠየቅክም። ለእማዬ ሳነብላት ሦስተኛውን ዘልዬዋለሁ።

ደግሞም እንግሊዞች ራይዝ የሚሏት አንዲት ቃል አለች ብለህ ጽፈህልኛል። ሰው ከወንበሩ ሲነሣም፣ ፀሐይ ስትወጣም፣ ሊጥ ኩፍ ሲልም፣ ዕቃ ሲወደድም፣ ሰው ሲሾምም፣ አገር ሲሸፍትም ያችኑ ቃል ነው የሚሉት አልክ። በመጀመሪያ አዘንኩላቸው፤ ያን ያህል መርከብ ያላቸው ሰዎች ቃል እንዴት ያንሳቸዋል ብዬ። አሁን ሳስበው ግን የተሳሳቱ አይመስለኝም። ዘንድሮ በእኛ ቤት ሹመቱም፣ መነሣቱም፣ ሽፍትነቱም አንድ ላይ ነው የመጣው። ጨውም ተወዷል።

እንደሰማኸው በጥቅምት ወር አባባና የጽጌሬዳ አባት ጋሽ ገብረአማኑኤል በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ ባላምባራስ ተባሉ። ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር የኖሩ፣ አንዱ ጉንፋን ሲይዘው ሌላው የሚያስነጥስ ሰዎች ናቸው። በፊት ማን ለማን ይነሣል የሚባል ነገር በመካከላቸው አልነበረም። ጋሽ ገብረአማኑኤል በአጥሩ ሽንቁር ብቅ ብለው "አንተ ደገፉ፣ አለህ?" ይላሉ፤ አባባም እንደተጋደሙ "የት ልሂድ ብለህ ነው?" ይላሉ፤ በቃ።

የሹመቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ አባባ ተመልሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እያጠብኳቸው ነበር። ጋሽ ገብረአማኑኤል በዚያ ቀን በሽንቁሩ አልመጡም። በዋናው በር፣ ካባቸውን እንደለበሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ገቡ። አባባ "ኖር" ብለው ሊነሡ ብድግ አሉ። እኔ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደምሆን ታውቃለህ። አንገቴን ደፋሁ፤ እጄም የያዘውን ነገር ጭምድድ አድርጎ ያዘ። የያዘው ደግሞ የአባባን ቀኝ እግር ነበር። አባባ ሳቡ፤ እኔ ያዝኩ። ደግመው ሳቡ፤ ይበልጥ አጠበቅኩ። እሳቸውም ተመልሰው በርጩማው ላይ ዘጭ አሉ። ጋሽ ገብረአማኑኤል ደጃፉ ላይ ቆመው ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንተ ያሏቸውን ሰው "ደኅና ይዋሉ፣ ባላምባራስ" ብለው በመጡበት በር ወጡ። አባባ "በይ አሁን እንኳ እግሬን ልቀቂኝ፤ ሰውዬው ሄዷል" አሉኝ።

አባባ በማግሥቱ ሄደው ነገሩን ሊያስረዱ አስበው ነበር። ነገር ግን ጧት በገበያው መንገድ ሲገናኙ ባላምባራስ ገብረአማኑኤል ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ባርኔጣቸውን ብቻ ነክተው አለፉ። አባባ ቤት ገብተው "በቅሎ ላይ ተቀምጦ እጅ ለነሣኝ ሰው ስለ እግሬ አልሰብክለትም" አሉ። እማዬ "ኧረ ተው አንተ ሰው፣ የጎረቤት ነገር ነው" ብትላቸው "ሰው አትበይኝ፤ ባላምባራስ በይኝ" አሏት። እማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ "ባላምባራስ፣ እንጨት የሚፈልጥ ጠፋ"፣ "ባላምባራስ፣ ዶሮዋ ወጥ ውስጥ ገባች" ነው የምትላቸው።

ከዚያ የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ደረሰ። የተቀመጠ ሰው ለሚገባው መነሣት አለበት፤ ስለዚህ ቀድሞ የገባ ተሸናፊ ነው። አባባ ከጧት ጀምረው ካባ ለብሰው ቁጭ አሉና "ሂጂ፣ ያ ሰው ወጥቶ እንደሆነ እይ" ብለው ወደ አጥሩ ላኩኝ። ሽንቁሩ ጋ ስደርስ ጽጌሬዳ ከወዲያ ተቀምጣለች፤ እሷም ተልካ ነው።

"ያንቺ ባላምባራስ ለብሰዋል?" አለችኝ።

"ለብሰዋል። ያንቺስ?" አልኳት።

"ዶሮ ከጮኸ ጀምሮ። ላብ አጥምቋቸዋል" አለች።

የተቀቀለ ጎደሬ ከዳታ በርበሬ ጋር ይዛ ነበርና አብረን በላን። በየጊዜው ወደየቤታችን እየሄድን "ገና አልወጡም" ብለን እንመለሳለን። እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማኅበርተኞቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው ጠላውንም ጠበሉንም ያለ እነሱ ጨረሱት።

በታኅሣሥ ሚካኤል የማኅበሩ አባት መምሬ ሀብተጊዮርጊስ የዘገየ አይገባም ብለው አወጁ። ስለዚህ ሁለቱም በሰዓቱ ደረሱ፤ ግን አልተቀመጡም። ያልተቀመጠ ሰው መነሣት የለበትማ። አንዱ ወዲህኛው ምሰሶ፣ ሌላው ወዲያኛው ምሰሶ አጠገብ ቆሙ። ባላምባራስ ቆሞ ሌላው እንዴት ይቀመጣል? ሃያ ሁለት ሰው፣ ሪህ ያለበት ሁሉ ሳይቀር፣ እንጀራውን በመዳፉ ይዞ ቆሞ በላ። ጠላ የምቀዳው እኔ ነበርኩ፤ ሁሉም ወደ ምሰሶዎቹ ስለሚያይ እኔን ያየ የለም፤ በዚያ ብቻ ደስ ብሎኛል። መምሬ "ሚካኤልስ ቆሞ ያማልደናል፤ እሱ ግን ጉልበቱን አያመውም" አሉ። መሬታችንን የሚያርሰው ሻንቆ ደጅ በቅሎዎቹን ይጠብቅ ነበርና አንገቱን በበሩ አስገብቶ አየን። "ጌቶች፣ ወንበር ጠፋች ወይ? እኔ ቤት ሁለት በርጩማ አለች፤ ላምጣ?" አለ። ከልቡ ነበር ያለው። አባባ እስከ ዛሬ ጉልበታቸውን በቅቤ ያሻሉ።

እስከዚህ ድረስ ብትስቅ አልቀየምህም። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አያስቅም። ጾም ሳይገባ ሁለቱ አባቶች በአንድ ቤት ተቀምጠው ያንተንና የጽጌሬዳን ቃል እንዲያስሩ፣ ሠርጉም ከትንሣኤ በኋላ እንዲሆን ተባብለው እንደነበር ታውቃለህ። አሁን በአንድ ቤት መቀመጥ ከየት ይምጣ? ባለፈው ሳምንት ባላምባራስ ገብረአማኑኤል "ለእኔ ያልተነሣ ሰው ነገ ለልጄ ምኑን ይነሣላታል?" ብለዋል። ሐሙስ ከገሱባ የአንድ ሹም ሽማግሌዎች ጽጌሬዳን ለልጁ ሊጠይቁ ይመጣሉ። ጽጌሬዳ ይህን ስትነግረኝ አልቀለደችም። ሳትቀልድ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ያን ጊዜ የእግሩን ነገር ነገርኳት። መጀመሪያ አጥሩ እስኪነቃነቅ ሳቀች። ኋላ ዕንባዋን ጠረገችና "ይህን ሦስት ወር ዋጥሽው?" አለችኝ። አንቺ ንገሪያቸው ብዬ ለመንኳት። "እኔ ብናገር ለሰብስቤ ብላ ፈጠረችው ይሉኛል። አንቺ ግን ደኅና አደርሽ ሲሉሽ እንኳ መሬት የምታዪ ነሽ። ካንቺ አፍ ነገር ከወጣ እውነት መሆን አለበት ብለው ያምናሉ" አለች። ስድብ ይሁን ምስጋና አላወቅኩም።

ዓርብ ዕለት ሞከርኩ። ባላምባራስ ገብረአማኑኤልን ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። "ምነው ልጄ?" አሉኝ። "እሳት ልጭር ነው" አልኩ። ፍሙን በገል ይዤ ተመለስኩ። ትናንትም ሄድኩ፤ ትናንትም እሳት ጫርኩ። እማዬ የሚንቦገቦገውን ምድጃችንን እያየች "ይኸ ሁሉ ፍም ምን ሊሆንሽ ነው፣ ባላምባራስን ልትጠብሺልኝ ነው?" አለችኝ። ዛሬ ጧት ደግሞ ባላምባራስ ገብረአማኑኤል "የእነ ደገፉ ቤት እሳት እንኳ ጠፋ" ብለው አዝነው አንድ ሸክም ማገዶ ላኩልን። አባባ "ድኻ ነህ ማለቱ ነው" ብለው እንዳይነድ ከለከሉ። ማገዶው በሩ አጠገብ እንደተከመረ ነው። አባባ ሲወጡም ሲገቡም ቆም ብለው ያዩታል፤ አንድ ጊዜም ደረቅ መሆኑን በእጃቸው ሲፈትሹ አየኋቸው። እኔ ያን ሳይ ሁለቱም እንዳልተጣሉ፣ የተጣላው ካባቸው ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ነጋዴ ማክሰኞ ይነሣል። ነገሩን ፈጽሜ ብጽፍልህ ይሻል ነበር። ነገር ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ይህን ወረቀት ዛሬውኑ ለነጋዴው እሰጠዋለሁ፤ ከእጄ ከወጣ ልቀደው አልችልም፤ የጻፍኩትንም ባልፈጽም ወንድሜን በወረቀት ዋሽቼው ልኖር ነው።

እማዬ ጉንጭና ጉንጭህን ስማሃለች፤ ለሳልህ ዝንጅብልና ማር ቋጥራ በነጋዴው እጅ ልካልሃለች። ሻንቆ "ሰብስቤ ደኅና ናት ወይ በይልኝ" ብሏል። አባባ "ትምህርቱን ይበርታ፤ የሚበልጠው ሰው ሲገባ ይነሣ፤ እኩያው ሲገባም ይነሣ ብለሽ ጻፊ" አሉኝ። ጥቂት ቆይተው እኩያው የሚለውን ሰርዢው አሉ፤ አልሰረዝኩትም። ጽጌሬዳ ሰላምታ አልላከችም። "ሐሙስ በደኅና ካለፈ እልካለሁ" ብላለች።

ነገ አስተርእዮ ማርያም ናት። አስቤ አስቤ ያገኘሁት ይኸን ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ስለሚቆም ማንም ለማንም አይነሣም። ቅዳሴው ሲያበቃ ሁለቱም ሰው ሲያልቅ ለመውጣት ግቢው ውስጥ ይዘገያሉ። ያን ጊዜ ወደ ባላምባራስ ገብረአማኑኤል እሄዳለሁ። ነጠላዬን ከአፌ ላይ አወርዳለሁ። መሬት አላይም፤ የካባቸውን ቁልፍ አያለሁ፣ ከቻልኩም ፊታቸውን። "ባላምባራስ፣ አባባ ሊነሡልዎ ነበር፤ እግራቸውን ይዤ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ" እላለሁ። ካልሰሙኝ፣ አባባም እንዲሰሙ፣ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ።

እኅትህ የትምወርቅ ደገፉ
ሶዶ፣ ከዳሞታ ግርጌ