«አንቱ» መባል ላሳቃቸው ደራሲ

ለተከበሩ ደራሲ ልመንህ ባዩ፣ ለትምህርት ቤቶች አጋዥ ንባብ የሚሆኑ መጻሕፍትን ለሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎ፣ ዐይንዎ፣ በተለይም እኛን ቁልቁል ሲመለከት የሚደክመው አንገትዎ እንደምን አለ? እኛ በንፋስ መውጫ ከነዝቅታችን ደኅና ነን።

በቅድሚያ፣ የሚመሩት ኮሚቴ ከስንት መጻሕፍት መካከል የእርስዎኑ ልብ ወለድ ፈልጎ በማግኘቱ እንኳን ደስ አለዎ እላለሁ፤ ዳኛና ባለጉዳይ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ፍርድ እንዴት እንደሚቀላጠፍ አይተናል። ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝና ጊዜ አለኝ፤ መጽሐፍዎን እርሳስ ይዤ ደጋግሜ አነበብሁት። ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

፩. ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይዎ፣ ስለ ዳንኤል አመሰግናለሁ። ዳንኤል የከተማ ልጅ፣ አስተዋይና ጨዋ ነው፤ ይህን የምናውቀው ግን በሥራው ሳይሆን አጠገቡ የሚቆመው ሁሉ ሞኝ በመሆኑ ነው። የስማዳው ገበሬ ሞባይል ሲጮህ በዱላ ይመታዋል፤ የእስቴው ነጋዴ ከአውቶቡስ መስታወት ውስጥ ካየው ከራሱ መልክ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። ቁመትን ለማሳየት ሌላውን ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ማቆም ትልቅ ብልኃት ነው፤ ከጉድጓድ አፍ ላይ የቆመ ድንክም ረጅም ይመስላል።

፪. ስለ «አልጤ» አመሰግናለሁ። ይህች ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያለባት ባልቴት በሯን ከፍታ «አንቱ፣ ይግቡ» ስትለው፣ ዳንኤል «ብቻዬን ቆሜ በብዙ ቁጥር ጠራችኝ፤ ሁለት ሰው መስዬ ታየኋት፤ መቁጠር አትችልም» ብሎ ይስቃል፤ አንባቢም አብሮ እንዲስቅ ታዟል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ግን ይኸው ዳንኤል የቢሮው ጥበቃ «ግባ» ስላለው ከሥራ ያስባርረዋል፤ «ይግቡ» መባል ይገባዋላ። ያም «ይግቡ» ይህም «ይግቡ» ሆኖ ሳለ፣ ከአልጤ አፍ ሲወጣ መሃይምነት፣ ከጥበቃው አፍ ሲቀር ድፍረት የሚሆነው በየትኛው ሰዋስው እንደሆነ ቢያስተምሩኝ ደስ ይለኛል። በእኛ አገር እንግዳ እስኪታወቅ ድረስ አንቱ ይባላል፤ ከታወቀ በኋላ እንደ ሥራው ነው።

፫. የባልቴቷን እውነተኛ ስም ስለ ቀየሩላቸው አመሰግናለሁ። «አልጣሽ»ን «አልጤ» ብለው ጠባሳቸውን እንዳለ መተውዎ፣ ሰው እንዳያውቃቸው በእጅጉ ረድቷል። ያኔ እርስዎ ከዚያው ከስማዳ፣ ከወገዳ በጭነት መኪና አቧራ ለብሰው ለትምህርት ሲመጡ «አንቱ፣ ይግቡ» ብለው የተቀበሉዎትና እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ቤታቸው ያኖሩዎት ወይዘሮ አልጣሽ መሆናቸውን፣ በዚህ ከተማ ከእርስዎ በቀር የረሳ የለም።

አሁን መጽሐፉ በየክፍሉ ስለሚነበብ፣ የወይዘሮ አልጣሽን የልጅ ልጅ የትናየትን የክፍሏ ተማሪዎች ጣታቸውን እየቀሰሩ «የአልጤ ዘር፣ እስቲ ስንት ነን?» ይሏታል። ልጅቱ ትምህርት ቤት መሄድ አቁማለች። ንባብን እንዲያስፋፋ የተመረጠ መጽሐፍ ጎበዝ አንባቢ ከክፍል ማስወጣቱን ለኮሚቴዎ ሪፖርት ያድርጉልኝ።

በመጪው ቅዳሜ መጽሐፍዎን ሊያስተዋውቁ ወደ ከተማችን እንደሚመጡ ሰምተን በደስታ ተሰናድተናል። መድረኩን የሚያዘጋጁት የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው። ወይዘሮ አልጣሽ ከጎንዎ፣ የትናየት ከፊት ለፊትዎ ይቀመጣሉ። እርስዎም ያንን የአልጤን ምዕራፍ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ካነበቡልን በኋላ፣ መጽሐፉ ከየክፍሉ እንዲወጣ መወሰንዎን ለሕዝቡ ያስታውቃሉ። ማስታወቁ ቢከብድዎ ምዕራፉን ደግመው ያነባሉ፤ ስሕተቱ እስኪታረም ድረስ ማስደገም ልማዴ መሆኑን ከክፍሌ ያስታውሳሉ። ቢቀሩም አንቀየምም፤ ምዕራፉን እኔ አነበዋለሁ፤ የወገዳውን ልጅ ታሪክ ደግሞ ወይዘሮ አልጣሽ ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሩናል።

ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ የጫማዎን ሶል በአክብሮት እየተመለከትሁ፣ ከፍታዎ እንዳያዞርዎ የምጸልይልዎ፣

ደምሌ ካሴ
ጡረተኛ መምህር፣ ንፋስ መውጫ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምዕራፉን ለወይዘሮ አልጣሽ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ይምጣ ብቻ! አሁን ደኅና አድርጌ ቆጥሬዋለሁ፤ አንድ ነው፤ እሱም ከሞላ» አሉ። እንግዳው ስለታወቀ እኔም ሰዋስዌን አስተካክያለሁ፦ ልመንህ፣ ቅዳሜ በሰዓቱ ና።