የአረብኛን ግጥም በአማርኛ ያኖሩት ወይዘሮ ሸዋዓለም ደሳለኝ

ወይዘሮ ሸዋዓለም ከአባታቸው ከአቶ ደሳለኝ ውቤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግስት አየለ በ1950 ዓ.ም. መተማ ተወለዱ። አባታቸው ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር ሰሊጥ ይነግዱ ስለነበር አረብኛን ከአማርኛ እኩል ሲሰሙ አደጉ።

በ1970 ዓ.ም. ተሰደው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሲገቡ የአረብኛ ንባቡን ተማሩ፤ የጥንቱን የአረቦች ግጥምም ያገኙት በዚያ ነው። ገጣሚው ዘመዶቹ ለቀውት በሄዱት ሰፈር ቆሞ፣ ዝናብ ያጠበውን የምድጃ ድንጋይ እያየ፣ ጉድጓዱንና ኮረብታውን በስም እየጠራ ያለቅሳል። ቤታቸውን ጥለው ለወጡት ለወይዘሮ ሸዋዓለም ይህ የባዕድ ነገር አልነበረም።

በ1976 ዓ.ም. አሜሪካ ገቡ። በ1979 ዓ.ም. ከታክሲ ነጂው ከአቶ ታዴዎስ መንገሻ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ዮሐናንና ብሩክታይትን ወለዱ። እዚያው አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ፣ ከሥራ መልስ አርባ ሦስት ግጥሞችን ወደ አማርኛ መለሱ። የዛፍ ስም ሲጠፋባቸው ሎረል ከተማ ለሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው ለአቶ ሀዲስ ደውለው፣ «ግራር ብቻ አትበለኝ፤ የትኛው ግራር?» ይሏቸው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ሥራው ሲያልቅ ለማንበቢያ እንዲሆናቸው የአንድ ማኅበረሰብ ማዕከል ኮሚቴን አዳራሽ ጠየቁ። ሰብሳቢው፣ «ልጆቻችን አማርኛ ጠፍቶባቸው ሳለ እርስዎ አረብኛ ያመጡብናል?» አሏቸው። «ያመጣሁት አማርኛ ነው፤ ገልጠው ይዩት» ቢሉም አንድ ገጽ የገለጠ አልነበረም። ይባስ ብሎ ሃይማኖታቸውን ለወጡ ተብሎ ተወራ። አንድ እሑድ ቅዳሴ አስታጉለው የማያውቁ ሴት! የጽዋ ማኅበር ተራቸው ሲደርስ ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ደፍተው ጠበቁ። በራቸውን ያንኳኳ የለም። ይህን ያደረጉ ሰዎች ዛሬ እዚህ ሽኝት ላይ መካከላችን ተቀምጠዋል።

እርሳቸው ግን አልተቀመጡም። ስካይላይን ሰፈር ባለው የኪራይ ሕንፃ፣ ፓርቲ ሩም በሚሉት የድግስ ክፍል ውስጥ ለአሥራ አንድ ሰው አነበቡ። አቶ ሀዲስ ንባቡ ሳያልቅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

ከኩላሊት ሕመም ጋር ሦስት ዓመት ታግለው፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። በማግስቱ ያው ኮሚቴ ደውሎ፣ «መጽሐፉን በማዕከላችን ስም እናሳትምላቸው» አለ። ዮሐናም፣ «እማዬ ስምንት ዓመት ስትጠብቃችሁ የት ነበራችሁ? አይሆንም!» ስትል መለሰች። መጽሐፉን ቤተሰቡ ያሳትመዋል።

ወይዘሮ ሸዋዓለም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ስደት በሌለበት ሀገር ያሳርፍ፤ ለእኛም ሰውን በሕይወቱ ሳለ የምንሰማበት ጆሮ ይስጠን። አሜን።