ያልደረቀ አንሶላ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 4
ጠዋት ሙቀት 11። ንፋስ የለም። ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩትን እኔን ጦሩ የአየር ጠባይ ተንባይ አደረገኝ። እስካሁን አምስት ጊዜ ተንብዬ አንዴ ልክ ሆኛለሁ... እሱም ማታ ይጨልማል ያልኩ ዕለት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 5
ቀኑ ተቆረጠ። ሐሙስ ንጋት ላይ ድንበሩን አልፈን ተራራውን እናጠቃለን። ዳገቱ ሽቦ፣ ከሽቦው በላይ የሲሚንቶ ምሽግ፣ በየቀዳዳው መትረየስ። ጉም ካልሸፈነን የሚተርፍ የለም። ፊት የሚሄዱት ሽቦ ቆራጮች ናቸው። ታናሽ ወንድሜ ሽቦ ቆራጭ ነው።
"አታስብ ጋሼ፣ እንደኔ ያለ ከሲታ ለመምታት ክር በመርፌ የሚያሾልክ ዓይን ይጠይቃል።"
ኮሎኔሉ "ሐሙስ ጉም አለ?" አለኝ። "አለ" አልኩ። መሣሪያዎቼ እንዲያ ነው የሚሉት። ታዲያ ለምን ሦስቴ መላልሼ አየኋቸው?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 6
ሸሚዜን ልወስድ የካምፑ ልብስ አጣቢ ዘንድ ሄድኩ። የዚሁ ተራራ ሥር ሰው ናት።
"አንሶላው ከቀትር በፊት ደረቀ። ነገ ጉም የለም" አለች።
"እትዬ፣ መሣሪያው ግን..."
"አንሶላ ውሎ አልደርቅ ሲል ነው በማግስቱ ጉም የሚመጣው። አምስት ልጅ ያሳደግኩት በዚህ ገመድ ነው፣ መምህር። ያንተ ባለብርጭቆ መሣሪያ ስንት አሳደገ?"
ኮሎኔሉ ጋ ሄድኩ።
"ተሳስቻለሁ። ነገ ብራ ነው።"
"ማን አለ?"
"ልብስ አጣቢዋ።"
"ውሸት ከሆነ አንተን አስርሃለሁ። እሷን አልነካም፣ ልብሴ እዚያ ነው።"
ጥቃቱ ጉም እስኪመጣ ተራዘመ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 7
ብራ። የምሽጉ ቀዳዳ ከዚህ ይቆጠራል። ወንድሜ ዛሬ እዚያ ዳገት ላይ ቢሆን ኖሮ... ተመስገን።
ከሰዓት አንሶላውን ልዳብስ ሄድኩ። ኮሎኔሉ ቀድሞኝ ገመዱ ሥር ቆሟል። አንሶላው እንደረጠበ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 9
ትናንት ሲነጋ ጉሙ የገዛ እጄን እንዳላይ ከለከለኝ። ምሽጉ ተያዘ። ወንድሜ መዳፉ በሽቦ ተቦጫጭሮ መጣ፣ ሌላ አካሉ ደህና ነው። እትዬ እግር ላይ ልወድቅ ስል፣ "ተነስ፣ ሳፋዬን ትደፋብኛለህ።"
ወንድሜ ከምሽጉ ደብተር አምጥቶልኛል። የጠላት አየር ተንባይ የጻፈው ነው። ቋንቋቸውን አላነብም፣ ዓምዶቹ ግን የእኔው ናቸው፤ ሙቀት፣ ንፋስ፣ እርጥበት። በመጨረሻው መስመር፣ ለዓርብ፣ ፀሐይ ሥሏል፣ ጨረሯ ሳይቀር። ምሽግ ውስጥ የልብስ ገመድ ከየት ይመጣል?
"ደብተሩን የጻፈው ሰውዬስ?" አልኩት።
"የቱ ሰውዬ? ከዚያ በሕይወት የወጣ የለም" አለኝ።
ዛሬም አመሰገንኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ።