ለየትኛው መንገድ ነው ያመሰገነችው?

ኮፕሊ፣ እሑድ ኖቬምበር 9

ሮዊና፣

በሰው አላስጠይቅሽም፣ ራስሽን ነው የምጠይቅሽ። «አዎ፣ እናቴ በየገናው ታመሰግናቸው ነበር» ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ? የዴንሃም ጠበቃ ባዘጋጀችው የማስረጃ ጥራዝ ውስጥ፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ አገኘሁት። አንዲት መስመር ናት፤ ከሥሯ ስምሽ አለ። የገዛ ልጄን ቃል ከባላጋራዬ ወረቀት ላይ ላንብብ እንዴ?

አልተናደድኩም። መናደድ ነበረብኝ። ጎረቤታችን ክሌም ጩኸቴን ሊሰማ ተዘጋጅቶ መጥቶ ዝም ስል ደነገጠ። ሻይ አፈላሁ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ጥርስ ሐኪም ጋ ሄደሽ፣ ማደንዘዣ ተወግተሽ ስትወጪ ከንፈርሽ የሌላ ሰው የሚመስልሽን ነገር ታውቂው የለ? እኔ ከእናትሽ ቀብር ወዲህ ሙሉ ሰውነቴ እንደዚያ ነው። አሥራ አራት ወር ሆነኝ። ይለቀኛል ብዬ እየጠበቅኩ ነው።

ነገሩን ከጠበቃዋ ብቻ ሰምተሽ ከሆነ ከእኔም ስሚው። አሮጊቷ ሚስስ ዴንሃም ከሞቱ በኋላ ርስቱን የወረሰው ልጃቸው በማርች ወር ድልድዩ አጠገብ ያለውን በር ቆለፈው። ከድልድዩ ተነስቶ የሎርንን ወንዝ ዳር ይዞ፣ ጫካውን አቋርጦ፣ አሮጌው ወፍጮ ድረስ የሚወስደው መንገድ አሁን «የግል» የሚል ሰሌዳ ተተክሎበታል። አንቺና እናትሽ በየእሑዱ የምትሄዱበት መንገድ ማለት ነው።

እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እንጨት መሰንጠቂያ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ሕጉን ግን ከቤተመጻሕፍት ተውሼ በራሴ አነበብኩት። ሰው ሃያ ዓመት በግልጽ፣ ማንም ሳይከለክለው፣ ፍቃድም ሳይጠይቅ የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ መንገድ ነው። ፍቃድ ከጠየቅሽ ግን እንግዳ ነሽ። እንግዳ ደግሞ ይብቃሽ ሲባል ይወጣል።

እንግዲህ የዚህን አገር ሰው ታውቂዋለሽ። እግሩን ስትረግጪው ይቅርታ የሚጠይቅሽ እሱ ነው። እናትሽ ከሁሉም ትብስ ነበር። በየዓመቱ ገና ሲደርስ አንድ ጠርሙስ የፕሪም ማርማላታና አንዲት ካርድ ይዛ የዴንሃሞቹ ትልቁ ቤት ትሄድ ነበር። ካርዶቹ ዛሬ የሉም፣ አሮጊቷም የሉም። የቀረው ያንቺ መስመር ብቻ ነው።

ዴንሃምን በሩ ላይ አገኘሁትና ጠየቅኩት። ጨዋ ነው፣ ኮፍያውን አንስቶ ነው የሚዘርፍሽ።

«ሄድሊ» አለኝ፣ «ባለቤትህ ታመሰግነን ከነበረ ፍቃድ ተሰጥቷታል ማለት ነው። ሰው በራሱ መብት ሲሄድ ማንን ያመሰግናል?»

«የአውቶቡስ ሹፌሩንም ታመሰግነው ነበር» አልኩት። «አውቶቡሱ የሱ ነው?»

ሳቀ፣ ስለ ሐዘኔ አዘነልኝ፣ ቁልፉን ፈትሾ ሄደ።

እኔ ለመንደሩ ሁሉ የምናገረው ማርማላታው ለፓርኩ፣ ለትልቁ ቤት መስክ ነው ብዬ ነው። ቤተክርስቲያን ስትሄዱ በትልቁ ቤት መስኮት ሥር፣ በፓርኩ በጎች መሃል ታቋርጡ አልነበር? እሱን አሮጊቷ ራሳቸው ፈቅደው ነው፣ ያ ምስጋና ይገባዋል። የወንዙን መንገድ ግን ማንም ማንንም ጠይቆ አያውቅም፣ ብዬ ጠረጴዛ እየደበደብኩ ተናግሬአለሁ።

ከዚያ ቅጹ መጣ። መንገዱ ይከፈት ብዬ ያመለከትኩበት የካውንቲው ምክር ቤት፣ በዚያ የሄደ ሰው ሁሉ ይሙላ ብሎ የላከው። «በመንገዱ መጠቀም የጀመሩት መቼ ነው?» ይላል። «ካለፈው ዓመት ሴፕቴምበር» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ልጻፍ? ክሌም አነበበውና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። ሃያ ዓመት የሄዱት ሌሎቹ ቤተክርስቲያኑ ግቢ ተቀብረዋል፤ አዲሶቹ ደግሞ ከገቡ አምስት ዓመት አልሞላቸውም። በእግሩ መመስከር የሚችል አንቺ ብቻ ነሽ። ኒውዚላንድ ከሄድሽ ገና አራት ዓመትሽ ነው።

እናትሽ በየእሑዱ በር ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች «ሄድሊ፣ ትመጣለህ?» ትለኝ ነበር። ቀና አልልም ነበር። ስለ ሕዝብ መብት መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ አንቺ ወደ ኒውዚላንድ በተመለስሽ በሁለተኛው እሑድ፣ ብቻዬን ሄድኩ። የምትቀመጡበትን የወደቀ ግንድ አገኘሁት፤ በሁለት ቦታ ተልጎ ለስልሷል። አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ምን ታወሩ እንደነበር አላውቅም። በኤፕሪል ጫካው በሙሉ የዱር ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸተው ትለኝ ነበር፤ ኤፕሪል ሳይደርስ ተቆለፈ።

ባለፈው እሑድ በሩን በውሃው በኩል ልዞረው ወንዙ ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ድረስ ደረሰ። ብርዱ አልተሰማኝም፣ ስለዚህ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ክሌም ነው በኮቴ ይዞ የጎተተኝ። «አንተ ሽማግሌ፣ መንገዱ በስምህ እንዲሰየም ነው?» አለኝ። ይኼን የምጽፍልሽ እሱ ሳይጽፍልሽ ልቅደም ብዬ ነው። ደህና ነኝ። እበላለሁ።

አሁን የቀረውን ልንገርሽ። ማርማላታው ለፓርኩ ይሁን ለወንዙ፣ እኔ አላውቅም። አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ካርዱን ስትጽፍ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ። «አዎ፣ ታመሰግናቸው ነበር» ብለሽ በጨዋነት አቆምሽ። ጠበቃዋ ሌላ አልጠየቀችሽም፣ አንቺም አልጨመርሽም። የእናትሽ ልጅ ነሽ።

የምስክሮቹ ቀን ኖቬምበር 27፣ ሐሙስ፣ በመንደሩ አዳራሽ ነው። ዳኛ ሆኖ የሚመጣው ሰው በስክሪን እንድትናገሪ ፈቅዷል። ሰዓቱ አይመችሽም፣ ይሁን። ለእኔ ለብቻዬ እንዳትጽፊልኝ፣ ስልክም እንዳትደውይ፣ ለብቻዬ ብሰማው ደብቄ አሳምረዋለሁ። ለወንዙ ከነበረ ለወንዙ ነበር በይ፤ በሩ ይዘጋ፣ እኔም ሰሌዳው ሥር ቆሜ እመለሳለሁ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ያላችሁበት ሁሉ ፀሐይ ይሁንላችሁ።

ግን መልሺ፣ ሮዊና፣ መንደሩ በሙሉ ተቀምጦ እየሰማ መልሺ፦ እናትሽ ያመሰገነችው ለየትኛው መንገድ ነው? ቀጥለው ደግሞ ሄድሊ ትራንተር አንድ እሑድ እንኳ አብሯት ሄዶ ያውቃል ወይ ብለው ቢጠይቁሽ፣ እሱንም እዚያው፣ እኔ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጮክ ብለሽ መልሺ።

አባትሽ
ሄድሊ