ተራራ ስትወጪ ሰላምታ አትንፈጊ

ይድረስ ኖርዌይ ላለችው ለዓይኔ ማረፊያ ለናጅዋ። አሰላሙ አለይኩም ልጄ፤ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጓሮዋ ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፈራች። ፎቶሽን ለመርሳ ከተማ ሰው ሁሉ አሳየሁ፤ ጉንጭሽ ሞልቶ ሳይ ደስታዬን ምን ልበልሽ!

ግን ከምትኖሪበት ከተማ በላይ ያለውን ተራራ «እማ፣ ለጀማሪ የሚሆን መንገድ ነው፣ ሕፃናትም ይወጡታል» ብለሽ ለብቻሽ ልትወጪ መሆንሽን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ደግሞ ከብት እንኳ ሳይጠፋብሽ ተራራ መውጣት ምን ይሉታል!

አጎትሽ ኢዘዲንም ባለፈው ጊደር ፍለጋ ወጥቶ እግሩ የተሰበረው በሚያውቀው ቀላል መንገድ ነው። ያተረፈው ሰላምታው ነው። ሲወጣ በየደጁ «እንዴት ዋላችሁ» እያለ ነበርና፣ ሳይመለስ ሲቀር ጎረቤታችን ሲቲ «በእኛ በኩል አልፏል» አለች፤ ከላይ ያሉት ደግሞ «ወደ ገደሉ ታጠፈ» አሉ። እንዲህ እየተቀባበሉ ሳይመሽ ደረሱለት። አሁንማ «ጊደሯ ቀድማኝ ቤት ገብታለች» እያለ ሰውን ያስቃል። እኔ ግን ያንቺን መንገድ እያሰብኩ አልስቅም። ቤት የለበት፣ ሰዉም ዝም ብሎ ይተላለፋል ብለሽኛል።

ናጅዬ፣ አትውጪ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። ብቻ ያገኘሽውን ሁሉ ሰላም በይ፤ ባይመልሱልሽም መልክሽን ይያዙልኝ። አላህ በሰላም አውጥቶ በሰላም ያውርድሽ። ስትወርጂ ደውዪልኝ፤ የመጨረሻው ደጅ የእኔ ነውና በእሱም ሰላም ብለሽ እለፊ።

እናትሽ ሰዓዳ