ቅኔ የታዘዘለት ፍሬን

ለተከበሩ አቶ ኪዳኑ
የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበርና የደብሩ መኪና የበላይ ኃላፊ
ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

ጤናና ሰላም ከነመላው ቤተሰብዎ እንዲበዛልዎ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ በተለይም የቀኝ እግርዎ በረገጠበት ሁሉ የሚመልስለት ነገር እንዳያጣ ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የደብሩ መሪጌታ ቀለሙ ይህን ደብዳቤ ምእመናን ሁሉ ሊያነቡት በሚችሉበት ስፍራ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ አስጠርተው፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስለ ተደረገልን ተአምር ለመጪው በዓል ቅኔ እንዳዘጋጅ ሲያዙኝ «እሺ» ብዬ ወጥቼ ነበር። ሞከርኩ፤ ቤቱ አልመታልኝም። ቅኔው እምቢ ስላለኝ ነገሩን እንደ ሆነው በዝርው መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ለማያውቁ አንባቢዎች ለመግለጽ ያህል፣ ደብራችን አንዲት ነጭ የመስክ መኪና አለችው። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ባለቤታቸው ባረፉ ጊዜ፣ ካህናት ለፍትሐት ሲሄዱ በዝናብ እንዳይንገላቱ፣ የታመመ ምእመንም ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በወቅቱ እንዲደርስ ብለው የሰጡን ናት። ሾፌሯ ሞላልኝ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነበር። «ነበር» ያልኩት ሞቶ አይደለም፤ እርስዎ ስላሰናበቱት ነው። የማመሰግንዎ ነገር ብዙ ስለሆነ በተራ ላቅርበው።

፩. በቅድሚያ ስለ ዘይቱ አመሰግናለሁ። ሞላልኝ የፍሬን ዘይቱ ዝቅ ማለቱን ገልጾ እንዲገዛ በጠየቀ ጊዜ፣ ደብሩን ከአላስፈላጊ ወጪ ለማዳን ሲሉ፣ እሱ ቅዳሴ ላይ ሳለ ኮፈኑን በገዛ እጅዎ ከፍተው ለጄኔሬተሩ ተገዝቶ ከተረፈው የሞተር ዘይት ጨመሩበት። ይህን ያወቅነው በስለላ አይደለም። እርስዎ ራስዎ ደጀ ሰላሙ በር ላይ ቆመው «ዘይት ዘይት ነው፤ ነጋዴ ነው ስም የሚያበዛለት» ብለው ስላስተማሩን ነው።

፪. ስለ ምክርዎም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ሞላልኝ ፒያሳ ላይ ፍሬን ረግጦ መኪናዋን ሲያቆማት፣ እግሩን ሳያነሣ ፔዳሉ ከሥሩ ቀስ እያለ ይሰምጥ፣ መኪናዋም ሰው እንዳያያት እንደምትፈራ ሁሉ ወደ ፊት ትሳብ ጀመር። አንዱን ባጃጅም ከኋላው ገጨት አደረገችው። ሞላልኝ መጥቶ ሲነግርዎ ሱሪዎን ሰብስበው፣ በርከክ ብለው ከሥሯ ተመለከቱና «አንድ ጠብታ የለም። ያልፈሰሰ ነገር አልተበላሸም፤ ደጋግመህ ርገጠው» አሉት። በሌላ ቀን ደግሞ ሲመጣብዎ ወደ እኔ ዞረው «እናንተ ካህናቱ በርትታችሁ ከጸለያችሁ ይይዛል» አሉ። እኔ በጸሎት አምናለሁ፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ነገር ግን ከዋድላ እስከ ጎንደር በየጉባኤው ቤት ስዞር በኖርኩበት ዘመን ለፍሬን የሚደረስ ጸሎት አላጋጠመኝም። እርስዎ የሚያውቁት ካለ ቢያስቀጽሉን ደስ ይለናል።

፫. ቀጥሎ ስለ ግማሽ ፈቃድዎ። ሞላልኝና እኔ መኪናዋን እንደ ምንም ኮምቦልቻ አድርሰን ለከሊድ አሳየናት። ከሊድ ትሕትና የሚያስቸግረው መካኒክ አይደለም፤ በከተማው ከእሱ የበለጠ ፍሬን የሚያውቅ ሰው ከነበረም ድሮ ሞቷል ብሎ ነው ሥራ የሚጀምረው። ሞተሩን አስነሥቶ ፔዳሉን ረገጠና ያዘው። ፔዳሉ እንደ ልማዱ ሰመጠ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዞሮ አየ፤ ደረቅ ናቸው።

«ውጭ ካልፈሰሰ ውስጥ ለውስጥ እያመለጠ ነው» አለን። ሰው ሲረግጥ ዘይቱን ወደ አራቱም ጎማ የሚገፋው ዕቃ፣ መካኒኮች የፍሬን ማስተር የሚሉት፣ በሆዱ ያሉት ላስቲኮች ግፊቱን መያዝ ትተዋል ማለቱ ነው። ከዚያ የዘይቱን ክዳን ከፈተ። የክዳኑ ላስቲክ ውኃ ውስጥ እንዳደረ ሽምብራ አብጦ በቦታው አልመለስም አለ። ከሊድ ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሸተተና ቀና አለ።

«ወላሂ ይሄ የሞተር ዘይት ነው። ማነው ያጠጣት?»

እኔ ክብርዎን ለመጠበቅ «የበላይ አካል ነው» አልኩት።

ከሊድ ማስተሩን ብቻ መቀየር ዋጋ እንደሌለው፣ ያ ዘይት የነካው ላስቲክ ሁሉ፣ እስከ ጎማዎቹ ድረስ፣ መለወጥ እንዳለበት፣ ቱቦዎቹም መታጠብ እንዳለባቸው፣ አለዚያ በውስጥ የቀረው ዘይት አዲሱንም እንደሚበላው ነገረን። ይህን ለእርስዎ ባቀረብን ጊዜ «መካኒክ አንዱን ሲሉት አራቱን ይላል» ብለው ለማስተሩ ብቻ ፈቀዱ። ከሊድ «እንዲህ አድርጌ ሰው አልገድልም» ብሎ እምቢ አለ። እርስዎም ብልሃት አያጡምና እምቢ የማይል ሰው ፈልገው አስገጠሙት።

፬. አሁን ወደ ጉዞው ልምጣ። አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ዐርፎ፣ ወገኖቹ ሩቅ ገጠር ስለሆኑ ፍትሐቱን እንድናደርስለት ጓደኞቹ ጠሩን። ከፊት ሞላልኝና እኔ፣ ከኋላ አረጋዊው ቄስ ጸጋውና አንድ ዲያቆን ሆነን ተነሣን። አዲሱ ማስተር ከገባ ወዲህ ፍሬኑ አንዳንድ ጊዜ ሳይረገጥ ይይዝ፣ ጎማዎቹም የተቃጠለ ይሸቱ ነበር። ሞላልኝ ይህንንም ነግሮዎ «በጣም ይዟል ማለት ነዋ! ምን ትፈልጋለህ?» ብለው መልሰውለታል።

ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎ ቁልቁለት ስንጀምር ጉም ወርዷል። ጥቂት እንደ ወረድን ሞላልኝ ለመታጠፊያው ረገጠ፤ ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ከወለሉ ጋር ተገናኘ። ምክርዎን አክብሮ ደጋገመው። ወለሉን ደጋግሞ መታ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣም። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና ይንቀረፈፋል፤ ከግራችን ገደሉ ነው።

ሞላልኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አባቶች፣ ፍሬን የለኝም። ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ» አለ፤ ያንኑ ብቻ። ማርሹን ከሦስት ወደ ሁለት አወረደው፤ ሞተሩ ቀንበር እንደ ከበደው በሬ አጓራ። ከዚያ ወደ አንድ። የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ይስባል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይስባል። የሲሚንቶው መኪና ጀርባ እየሰፋ መጣ። ያን ጊዜ መሪውን ወደ ተራራው አዘንብሎ የመኪናዋን ጎን ከአፈሩ ግድግዳ ጋር አፋተገው። መስተዋቱ ሄደ፤ በሩ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ፤ ቆመች።

እኔ ውዳሴ ማርያም ከየት እንደ ጀመርኩ አላውቅም፤ ከቆመችም በኋላ እያነበነብኩ ነበር። ቄስ ጸጋው ጥምጥማቸው ከዲያቆኑ ጭን ላይ ወድቋል፤ አላነሡትም። በመቀመጫዎቹ መካከል ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ እስቲ እጅህን» አሉና የሞላልኝን እጅ ሳሙ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የቄስ እጅ ሲስም አይቻለሁ፤ ቄስ የሾፌር እጅ ሲስም ያን ቀን አየሁ። ፍትሐቱን አላስታጎልንም፤ አላፊ ሚኒባስ አንሥቶ አደረሰን።

፭. በመጨረሻም ስለ ፍርድዎ። በማግሥቱ መጥተው መኪናዋን ከዞሩ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «በሩን ማነው እንዲህ የቧጨረው?» የሚል ነበር። በዚያው ሳምንት ሁለት ነገር አስወሰኑ። አንደኛው፣ ካህናቱ ከሞት መትረፋቸው ግልጽ ተአምር ስለሆነ በበዓሉ ቀን በዐውደ ምሕረት እንዲነገርና ቅኔ እንዲቀርብለት። ሁለተኛው፣ ሞላልኝ በቸልተኝነት በደብሩ ንብረት ላይ ጉዳት ስላደረሰ እንዲሰናበት። እኔ እርስ በርሱ የተጣላ የሚመስል ንባብ ማስታረቅ ሥራዬ ነው፤ እነዚህን ግን ማስታረቅ አቃተኝ። ጥፋቱ የሞላልኝ፣ ማዳኑ የእግዚአብሔር ከሆነ፣ ዘይቱን የጨመረው እጅ በየትኛው አንቀጽ ይግባ?

ቄስ ጸጋው በስብሰባው ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሥተው ያሉትን እርስዎ በቃለ ጉባኤው እንዲገባ ስላልፈቀዱ እዚህ ላስገባው፦ «እግዚአብሔር አድኖናል፤ ያዳነን በዚህ ልጅ እጅ ነው። እጁን ጥላችሁ ተአምሩን ብቻ አትወስዱም።» እርስዎ ሰዓትዎን አይተው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ።

ነገሩን የሰሙት ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከማንም ጋር አልተከራከሩም። መኪናዋን በጎታች አስጎትተው ከሊድ ዘንድ ወሰዷት፤ እኔም አብሬ ወረድኩ። ማስተሩ እንደገና ተለወጠ፤ የአራቱም ጎማ ላስቲኮችና ቱቦዎች ወጡ፤ መስመሩ ታጥቦ ንጹሕ የፍሬን ዘይት ገባ። በመስመሩ ውስጥ የቀረውን አየር ለማስወጣት ፔዳል የሚረግጥ ሰው ሲያስፈልግ ከሊድ እኔን ሾፌር ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። እሱ ከሥር ሆኖ «ርገጡ አባ… ያዙ… አሁን ልቀቁ» ይላል፤ ሌላውን በመቋሚያ የማዘው ሰውዬ በእግሬ ታዘዝኩ። መጀመሪያ እንደ ስፖንጅ እየላላ ወረደ። እየቆየ ጠበቀ፤ በኋላ ገና ጥቂት ሳልረግጠው እግሬ ሥር ድንጋይ ሆኖ ቆመ። ረግጬ ያዝኩት፤ አልሰመጠም። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። መፍትሔው ይኸው ብቻ ነበርና።

እንግዲህ የተከበሩ አቶ ኪዳኑ፣ መኪናዋ ድናለች፤ ያልዳነው የሞላልኝ ስም ነው። «ቸልተኛ» የሚለው ቃል በስንብት ወረቀቱ ላይ ስላለ ሁለት መሥሪያ ቤት አይተው መልሰውታል፤ እናቱም ከዚያ ወዲህ ማኅበር አልወጡም። የምለምንዎ ተአምሩን ሊያስነግሩ ባሰቡበት ዐውደ ምሕረት ላይ፣ በዚያው ድምፅ፣ ዘይቱን ማን እንደ ጨመረና መኪናዋን ማን እንዳቆመ እንዲያስነግሩ ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ ቄስ ጸጋውና እኔ በመኪናዋ አንሳፈርም፤ በእግራችን እንሄዳለን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሁለታችንም ጉልበት በሞተር ዘይት አይሠራም።

ትእዛዝዎን በግጥም መፈጸም ተስኖት በዝርው የፈጸመ፣ ለጤናዎም ለወንበርዎም ዘወትር የሚጸልይ ታናሽ አገልጋይዎ፣

መሪጌታ ቀለሙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሞላልኝ አሁን ከደሴ ኮምቦልቻ በሰው ሚኒባስ እንደሚሠራ ልነግርዎ ነበር፤ ግን ቀድመው አውቀውታል። ባለፈው ቅዳሜ መንገዱ በረጠበበት ጧት፣ መናኸሪያው ጥግ ቆመው ተራ የያዘውን ሚኒባስ ሞልቶ እስኪሄድ ጠብቀው፣ ቀጣዩንም «ሰው እየጠበቅሁ ነው» ብለው አሳልፈው፣ የሞላልኝ ተራ ሲደርስ ከኋላ ወንበር መግባትዎን ተራ አስከባሪው አጫውቶናል። ጋቢዎን እስከ ዐይንዎ ተከናንበው ነበር አሉ። ሂሳብ ሳይጠየቁ የወረዱት ተረስተው እንዳይመስልዎ። ሞላልኝ አይቶዎት ረዳቱን «ተዋቸው» ብሎት ነው።